ባለ ሁለት ገናዋ ሾፌር

ታኅሣሥ ፲፰ ቀን። ሙሉ ስሜ በመታወቂያዬ ላይ ሰፍሯል፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በእህል መጋዘን መዛኝነት ስለሆነ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ «ጋሽ ሚዛን» በሚለው ነው። የምጽፈው ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ምራቴ፣ ማለትም ስለ ልጄ ሚስት ነው።

ምራቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። የምትነዳው አውቶቡስ በዕድሜ ከእሷ ብዙም አያንስም። በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ስለሚከብድ ማታ ስትገባ ግራ እግሯ ከቀኙ ይልቅ አብጦ ይታያል። እግሯን ዱካ ላይ ሰቅላ እራት ትጀምራለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ማንኪያውን እንደያዘች እንቅልፍ ይወስዳታል። ልጄ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ከእጇ ያወጣዋል። እሱም ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰው ቤት የሚያፈስ ቧንቧ ሲጠግን ውሎ ስለሚመጣ፣ በቤታችን ያልደከመ ሰው ማግኘት አይቻልም።

የእሷ ወገኖች ገናን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከእኛ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመው ነው። ይህ በጋብቻው ጊዜ ማንንም አላስቸገረም። ያስቸገረው የዛፉና የጌጡ ጉዳይ ነው።

ቤታችን አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ወጥ ቤትና ጠባብ ኮሪደር ነው። መኝታ ክፍሉ የባልና ሚስቱ ነው። እኔ የምተኛው ሳሎን ውስጥ፣ በመስኮቱ ጥግ ነው። ዛፉ ፕላስቲክ ነው፤ በካርቶን ታሽጎ ቁም ሣጥኑ ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ይመስላል፤ ሲዘረጋ ግን ክንዱን ዘርግቶ እንደቆመ ሰው ቦታ ይበላል። የሚሠራ ሶኬት ያለው በእኔ ጥግ ብቻ ስለሆነ፣ ዛፉ ሲቆም አልጋዬ ይነሣል። እኔም ኮሪደር እወርዳለሁ፤ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሁሉ ተሻግሮኝ ያልፋል።

በእሷ ወገኖች ዘንድ ዛፍ የሚቆመው ከበዓሉ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። እኛ ቤት ጌጥ የሚሰቀለው በዋዜማው ነው። ሁለቱ በዓላት ስለሚከታተሉ ደግሞ፣ አንዴ የቆመ ዛፍ ሁለተኛው በዓል ካላለፈ አይነሣም። በእሷ ልማድ ከሄድን እኔ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መግቢያ የኮሪደር ነዋሪ ነኝ ማለት ነው።

አምና ይህን ቻልኩ። ነገር ግን እዚያ ተኝቼ ሳለሁ አንድ ጥርጣሬ ያዘኝ። ሰው ከቤት የሚወጣው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ መጀመሪያ ከመስኮቱ አጠገብ ይነሣል፣ ቀጥሎ ከሳሎኑ ይወጣል። ልጄ በስልክ ለእህቱ «አባዬ አንቺ ጋ ቢሆን ይሻለው ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰምቼ ነበር። የሴት ልጄ ቤት የባሏ ቤት ነው። እኔ ከዚህ ሌላ የምገባበት የለኝም።

ዘንድሮ በኅዳር ማለቂያ አንድ እሑድ ለምራቴ ዕረፍት ደረሳት። ወንበር ላይ ወጥታ ካርቶኑን አወረደች።

«አባባ፣ ዛሬ ብናቆመው ምን ይመስልዎታል?»

«እንግዳው ሳይመጣ ምንጣፍ ትዘረጊለታለሽ?» አልኳት።

«እንግዳው ሲመጣ እኔ ላልኖር እችላለሁ።»

ይህን አነጋገር ልብ ብዬ ያዝኩት። ወዴት ልትሄድ ነው?

ልጄ ከሶፋው ሳይነሣ «አባዬ፣ ለአንድ የፕላስቲክ ዛፍ?» አለ።

«ነገሩ የዛፍ አይደለም። አምና ኮሪደር፣ ዘንድሮም ኮሪደር፣ ከርሞ ደግሞ ደጅ!»

«ኧረ ተው እንጂ አባዬ!»

ምራቴ «በቃ፣ ይቅር» አለችና ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰችው። ብትጨቃጨቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ፲፭፣ የእሷ በዓል ዋዜማ ደረሰ። እኔም «ዋዜማው ይኸው፤ አሁን አቁሚው፣ አልጋዬን አነሣለሁ» አልኳት።

«ነገ ሥራ ነኝ አባባ። ለማን ላቁመው?»

አምና በሁለቱም በዓላት ከቤት ርቃ ስትውል ዘመድ ጥየቃ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ በገዛ በዓሉ ቀን ሥራ የሚገባ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አሁንም አላመንኳት። ወይ ወንድሟ ቤት ሄዳ ስለ እኔ ልትመክር ነው፣ ወይ ለሁለት ሰው ብቻ የሚበቃ ቤት ልታይ ነው ብዬ ደመደምኩ። በማግሥቱ ቁርሴን ሳልጨርስ ወደ አውቶቡሶቹ ጋራዥ ሄድኩ።

በስምሪት ክፍሉ መስኮት ወፍራም ጃኬት የደረበች ሴት ተቀምጣለች።

«ምን ነበር ጋሼ?»

«አንዲት ሾፌር ፈልጌ ነበር። የልጄ ሚስት ናት» ብዬ መልኳን ነገርኳት።

«እ! የእኛ ባለ ሁለት ገና!» ብላ ሣቀች። «መስመር ላይ ናት። ትመለሳለች።»

«ዛሬ እኮ በዓሏ ነው።»

«እሱማ ነው። ግን የዛሬዎቹ ባለበዓሎች ሲያርፉ ሰው ያጥረናል። እሷን ‹የባልሽ ቤት በዓል ኋላ ነው› ብለን እናሰማራታለን። የኋለኛው ሲደርስ ደግሞ ሌሎቹ ሾፌሮች ‹የእሷ አልፏል፣ እሷ ትውጣ› ይላሉ። ያው ትወጣለች።»

«በየዓመቱ?»

«ካገባች ወዲህማ በሁለቱም በዓል ሳትወጣ የቀረችበት ዓመት የለም። እምቢ አትልም እኮ! እንደ እሷ ያለውን ያብዛልን።»

«ለእናንተ ነው እንጂ ለእሷማ ምን በጃት!»

«እኔን አይቆጡኝ ጋሼ። የእኔም በዓል ዛሬ ነው፤ ይኸው ተቀምጫለሁ።»

ይህን ስትለኝ ድምፄን ቀነስኩ። «እንግዲያው የኋለኛውን፣ የታኅሣሥ ሃያ ዘጠኙን ልቀቂላት» አልኳት።

«አያለሁ» አለች። ይህን ቃል ከአለቆቼ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ፌርማታው ላይ ቆሜ አውቶቡሷ ስትመጣ ተሳፈርኩ። በመስተዋቱ አየችኝና ደነገጠች።

«አባባ! ምን ሆኑ? ቤት ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። አንቺ ንጂ።»

«ይቀመጡ እሺ፣ ቆመው እንዳይወድቁብኝ! ወንድሜ፣ ለአባቴ ቦታ ልቀቅላቸው እስቲ!»

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ ሞተሩን አጠፋችና ጫማዋን አውልቃ ግራ እግሯን ታሸው ጀመር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

«አላምንም ነበር።»

«ታዲያስ! ሁለቱንም ቀን መሪው ላይ ነኝ። ዛፉ ቀድሞ ካልቆመ መቼ ላየው ነው? የበዓል ሽታ የሚሸተኝ እኮ በእነዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው።»

በሆዴ ያለውን ሳልውጥ ጠየቅኋት። «ዛፉ እኔን ለማስወጣት አይደለም?»

እስኪያስላት ሣቀች። «እርስዎን ለማስወጣት ዛፍ ምን ያደርግልኛል? አፍ የለኝም?»

«ባልሽ ግን እህቱ ጋ ብሆን እንደሚሻለኝ ሲናገር ሰምቻለሁ።»

«እሷ እኮ ‹ለአንድ ሳምንት ስጡኝ› ብላ ለመነችው! እሱም ‹ይሻለው ነበር፣ ግን ንቅንቅ አይልም› አላት። ግማሹን ሰምተው ነው እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ያኮረፉን?»

ተሳፋሪ መግባት ስለጀመረ ጫማዋን አጥልቃ ሞተሩን አስነሣች።

ማታ ልጄን «ታውቅ ነበር?» አልኩት። «አውቃለሁ። ልነግርህ ስል መቼ ታስጨርሰኛለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ትናንት ግማሽ ቀን ዕረፍት ነበራት። ከመድረሷ በፊት አልጋዬን ራሴ አጣጥፌ ኮሪደር አስገባሁት። ስትገባ ባዶውን ጥግ አየችና «አባባ፣ በዓሉ እኮ አልፏል» አለች። «የእኛ አላለፈም፤ ደግሞ ከከርሞ ጀምሮ ዛፉ የሚቆመው በኅዳር አንቺ ባረፍሽበት በመጀመሪያው ቀን ነው» አልኳት። ካርቶኑን ከፈተች። ከጌጡ ግማሹን እንደሰቀለች «ትንሽ ልቀመጥ» ብላ ሶፋው ላይ አንቀላፋች። ቀሪውን እኔና ልጄ ሰቀልነው። ልጄ ኮከቡ ተጣሟል ብሎ ሊያቃና ሲል ወንበሩ ተንቋቅቶ እንዳይቀሰቅሳት «ተወው» አልኩት። መብራቱን ሰካነው፤ እሷ ግን አልነቃችም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጋራዡ ተመልሼ ሄድኩ። የስምሪት ሹሟ አልነበረችም። የበዓሉ ስምሪት ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ስለነበር መነጽሬን አድርጌ በዓይኔ አነበብኩት። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ምራቴ ከማለዳው የመጀመሪያ ጉዞ ጀምሮ ተመድባለች።