አሩላዪና የመቃብሩ ግንብ

አሩላዪ ፊደል አልቆጠረችም፤ ወንጌሉን ግን ከሞላ ጎደል በቃሏ ታውቀዋለች። የፑንጋይኩላም መንደር ቤተ ክርስቲያን ጠራጊ ነበረች። መምህሩ የላይ ሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ሲያስተምር እሷ በኮኮናት ዘንግ መጥረጊያዋ ወለሉን ቀስ እያለች ትጠርጋለች፤ ደስ የሚላት ቦታ ላይ ሲደርስ አንዱን ጥግ ሦስት አራት ጊዜ ትመላለስበታለች። መምህሩ ገብቶታል፤ ግን አልከለከላትም።

መንደሩ ሁለት ሰፈር ነው። ላይ ሰፈር መሬቱ የእነሱ ነው፤ ታች ሰፈር በእነሱ መሬት ሩዝ ይተክላል፣ ያጭዳል። ሁሉም ክርስቲያን ናቸው። ሆኖም በቅዳሴ ጊዜ ታች ሰፈር በግራ በኩል ለብቻው ይቀመጣል፤ ቁርባንም መጨረሻ ላይ ይቀበላል። መቃብሩ ደግሞ መሀል ለመሀል በግንብ ተከፍሏል፦ ከፍ ያለው ደረቅ መሬት የላይ ሰፈር፣ ወደ ኩሬው ያዘነበለው የታች ሰፈር። መግቢያቸውም የተለያየ ነው።

አንድ ኅዳር የአሩላዪ ባል ሱሳይ ሞተ። ዝናቡ ሰባት ቀን ሳያባራ ወርዶ ስለነበር ጉድጓዱ ገና ሲቆፈር ውሃ ሞላው። ወንዶቹ ቢቀዱት ቢቀዱት አልጎድል ሲላቸው ሳጥኑን አወረዱት፤ ተንሳፈፈ። አራት ሰዎች በቀርከሃ ወደ ታች እየተጫኑት ሌሎቹ አፈር መለሱበት። አሩላዪ በዚያ ሰዓት አላለቀሰችም። ዓይኗ ግንቡ ማዶ ነበር። እዚያ ያለው ሣር ጭቃ እንኳ አልነካውም።

የሠላሳው ቀን ጸሎት በተደረገ ማግስት ቄሱ ዘንድ ሄደች። አባ ሉርዱ ወጣት ናቸው፤ ወደ መንደሩ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ፣ እናቴ።»

«ቅድመ አያቶቻችን ሲጠመቁ የላይና የታች ሰፈር ውሃ ተለይቶ ነበር እንዴ?»

«ኧረ የለም። መዝገቡ ላይ አለ፤ በአንድ ቀን፣ በዚያው ኩሬ ነው የተጠመቁት።»

«የጥምቀቱ ውሃ አንድ ከሆነ፣ የመቃብሩ ውሃ ለምን ለእኛ ብቻ ሆነ?»

አባ ሉርዱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ጊዜ ስጪኝ። ያንን ግንብ ብነካ ላይ ሰፈሮች በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑን ይዘጉብኛል» አሉ።

«ጊዜ እንኳ ሞልቶናል፣ አባ። ያጣነው ደረቅ መሬት ነው» ብላ መጥረጊያዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ግንቡ ሥር ቆማ መቁጠሪያዋን ትደግም ጀመር። በመጀመሪያ ብቻዋን ነበረች፤ ቀስ በቀስ ሌሎች ሴቶችም ተጨመሩ። የላይ ሰፈር አለቃ ራያፓን አንድ ቀን ከግንቡ ማዶ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አንቺ! በጸሎት ልትንጂው ነው?»

«ኧረ አያ ራያፓን፣ ብቻውን እንዳይከፋው ብለን ነው» አለችው። ሴቶቹ በሳሪያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።

በነሐሴ የራያፓን እናት አናማል ግማሽ አካሏ ሽባ ሆነ፤ ምላሷም ተሳሰረ። ምራቶቿ ሁለት ሳምንት አስታመሟት፤ ጀርባዋ ሲቆስልና ሲሸት ግን ማን ይጠባት በሚል ተጣሉ። አሩላዪ ይህን ማሳ ውስጥ ስትሠራ ሰማች። በማግስቱ ማንም ሳይጠራት በጓሮ በር ገብታ ውሃ አሞቀች፤ አሮጊቷን አገላብጣ አጠበቻት፣ ቁስሉን አጽድታ ዘይት ቀባችው፣ የሩዝ አጥሚት በማንኪያ አጠጣቻት። በየቀኑ ከሥራ በፊት እንዲሁ ታደርግ ጀመር።

ታች ሰፈር ተቆጣ። የእህቷ ልጅ ሳቫሪ በሯ ላይ ቆሞ ጮኸባት።

«አክስቴ፣ አብደሻል? እሑድ ግንቡ ይፍረስ ትያለሽ፣ ሰኞ ሄደሽ የእነሱን ቁስል ታጥቢያለሽ!»

«ታዲያ የቆሰለው ግንቡ ነው? እሷ ናት እኮ።»

«እነሱ አንቺን ያጥቡሽ ነበር?»

«አያጥቡኝም። እኔ ግን የተማርኩት እነሱን አይቼ አይደለም። እሑድም እዚያው ግንቡ ሥር ነኝ። ቀረሁ እንዴ?»

አልቀረችም። አናማል ምላሷ እንደነገሩ ሲፈታ መጀመሪያ ከተናገረችው ነገር አንዱ ስለ በሩ ነበር። «በጓሮ አትግቢ፣ ልጄ። በፊት ለፊት ነይ» አለች። ራያፓን ሰማ፤ አልተቃወመም፤ ግን እሷ በምትገባበት ሰዓት ከቤት መውጣት ልማድ አደረገ።

አናማል በኅዳር ሞተች። እንዳምናው ሁሉ ዝናብ ነበር፤ ወደ ላይኛው መቃብር በር የሚወስደውን ድልድይ ጎርፉ ይዞት ሄዷል። የቀረው መንገድ በታች ሰፈር መሀል አልፎ በታችኛው በር የሚገባው ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ቤተሰቡ መቃብር ለመድረስ ደግሞ ግንቡን ጥሶ ማለፍ ግድ ነው።

ሬሳውን ተሸክመው ሲመጡ ሳቫሪና ጓደኞቹ መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«እዚሁ ውሃው ውስጥ ቅበሯት! እኛ አጎቴን የቀበርነው እንደዚያ ነው!» አለ ሳቫሪ።

ራያፓን ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። አሩላዪ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ሳቫሪን ክንዱን ያዘችው።

«ዞር በል። ሬሳ ነው።»

«አክስቴ…»

«ዞር በል አልኩህ!»

ሳቫሪ እያጉረመረመ ዞር አለ። ሰልፉ እስከ ግንቡ ደርሶ ቆመ። አሩላዪ ወደ ራያፓን ዞረች።

«አያ፣ እኛ እናፈርስላችኋለን። መልሳችሁ አትገንቡት።»

«መጀመሪያ እናቴን ልቅበር፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለ ራያፓን።

«አሁን ይበሉት። እዚሁ፣ እናትዎ ፊት።»

ራያፓን ሳጥኑን አየ። «አልገነባም» አለ፤ ድምፁ እምብዛም አልተሰማም። አባ ሉርዱ የጸበሉን ዕቃ ለሌላ ሰው አቀበሉና ድጅኖ አነሱ። ከዓመት በፊት የጠየቁት ጊዜ ያኔ አለቀ ማለት ነው። የላይና የታች ሰፈር ወንዶች እየተፈራረቁ ሳጥን የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ያህል ግንብ ናዱ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወር ሳይሞላ አንዳንድ የላይ ሰፈር ሰዎች ክፍተቱን በእሾህ አጠሩት። አባ ሉርዱም ቤተ ክርስቲያኑን ትተው ሦስት እሑድ አጥሩ አጠገብ ቀደሱ። በአራተኛው እሑድ ዋዜማ ራያፓን ብቻውን መጥቶ እሾሁን አንሥቶ ጣለው። ለምን ብለው ሲጠይቁት «ተናግሬአለሁ» ብቻ አለ። አሩላዪን ግን ከዚያም በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላም አይላትም ነበር።

በጥር ካኒካይ የሚባል የታች ሰፈር ከበሮ መቺ ሞቶ በደረቁ መሬት ተቀበረ። አሩላዪ ከቀብሩ ተመልሳ ማጭዷን ይዛ ማሳ ወረደች፤ ሩዙ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራ በወባ ሞተች። የቤተ ክርስቲያኑ የተለያየ መቀመጫ እስኪቀር ሌላ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። ሳቫሪ እንደሚያወራው፣ መለያየቱ በቀረበት የመጀመሪያ እሑድ ሰዉ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት ሲተራመስ ቅዳሴው ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ።