የፋሲካ ተረኛ

ዱቄት ፋብሪካው ውስጥ አንዱን ማሽን በፈረቃ የምንሠራው እኔና አንድ የሁሩታ ሰው ነበርን። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። አዳማ ላይ እንደተለመደው በዓል እንለዋወጥ ነበር፤ የፋሲካን ፈረቃ እሱ ይገባልኛል፣ ኢድን እኔ እገባለታለሁ። በበዓል ለሠራ ሰው የሰዓቱ ክፍያ በሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰባል።

ለፋሲካ ድፎ ዳቦ እልክለታለሁ። ለኢድ ሚስቱ ሳምቡሳ ትልክልኛለች፤ የነሱን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ የኔን ለብቻው በምስር ትሠራዋለች።

ባለፈው ክረምት ጓደኛዬ ሞተ። በቦታው የተቀጠረው ልጅ ክርስቲያን ነው። ኢድን እሱ ገባ፤ እኔ የምገባለት ሰው ስላልነበረኝ ቤቴ ዋልኩ። ፋሲካ ሲደርስ አለቃችን ተራው ያንተ ነው አለኝ።

«ምን አስከፋህ? ሁለት ተኩል እኮ ነው።»

ለእንዲህ ያለ ሰው መልስ መስጠት ራሱ ያስጠላል። ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

የፋሲካ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ጥበቃው ጠራኝ። በሩ ጋ የጓደኛዬ ሚስት ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች፣ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ቆማለች። ተረኛ መሆኔን እዚሁ ፋብሪካ ከሚሠራ ጎረቤቷ ሰምታ ኖሯል።

«ወንድሜ፣ እሱ ቢኖር ዛሬ ቤትህ ነበርክ» አለችኝ። ሳህኑን ሰጥታኝ ሄደች።

ቤቴ ዶሮ ወጡ ይጠብቀኛል። እኔ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ ሳህኑን ገለጥኩት። ሳምቡሳው የምስር ነው።