የዘጠኝ ገበያ ቆጠራ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ይዛ ባሕር ዳር ቤቴ መጣች። ቢሮዋ አንድ ኮምፒውተር አላት፤ ቤቷ አሮጌው አለ፤ አሁን ደግሞ ይኼኛው ተጨመረ። «ጋሼ፣ አንዱ ላይ የሠራሁትን ሦስቱም ላይ እንዳገኘው አድርግልኝ፤ እኔ ሳልነካው ራሱ እየገለበጠ ይቀመጥ» አለችኝ። ሥራው የሃያ ደቂቃ ነው፤ እንጀራዬም ይኸው ነው። እኔ ግን ሥራውን ትቼ «መጀመሪያ በእጅሽ ፍላሽ ላይ ገልብጪና መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት» እያልሁ ጨቀጨቅኋት። ሳቀችብኝ። አልተቀየምኋትም፤ እኔም በእሷ ዕድሜ በዚሁ ነገር ሰው ላይ ስቄያለሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከኮሌጅ ወጥቼ ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት የጽሕፈት ቤት ተቀጠርሁ። ባለቤቷ እትዬ ሰናይት ትባላለች። ስምንት ዓመት ዐረብ አገር ለፍታ ተመልሳ፣ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ገዝታ የከፈተቻት ቤት ናት። ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ መጥሪያ እንጽፋለን። እትዬ ሰናይት ስለ ኮምፒውተር ብዙም አታውቅም፤ ነገር ግን ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ሥራ ፍላሽ ላይ ትገለብጥና በመሐረብ ጠቅልላ ቤቷ ትወስደው ነበር። ይህን ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

እኔ የተማርሁት ሰውዬ ታዲያ ሦስቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አያያዝሁና አንድ ትእዛዝ ጻፍሁ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኛ ምሳ ስንወጣ፣ በመጀመሪያው ኮምፒውተር ያለውን ሥራ ሁሉ ወደ ሁለቱ ይገለብጣል። በሁለቱ ላይ ኖሮ በመጀመሪያው ላይ የሌለ ነገር ካገኘ ደግሞ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ያጠፋል። እንዲህ ሲሆን ሦስቱ ሁልጊዜ እኩል ይሆናሉ። ስጨርስ ደረቴን ነፍቼ አሳየኋት።

«ሦስቱም አንድ ከሆኑ፣ አንዱ የተሳሳተ እንደሆነ ሁሉም አይሳሳቱም?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም። ያን ፍላሽ በቃ ተይው» አልኋት።

እሱ ከእኔ ያውቃል ብላ ተወችው። በዚያች ጥያቄ ውስጥ ኮሌጅ ያልተማርሁት ነገር እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አያ ጌጡ የመጡት በመስከረም ነው። ከጉና ተራራ ሥር ካለ አጥቢያ በገበያ ቀን በእግራቸው ይወርዳሉ፤ የጋቢያቸው ጫፍ ጭቃ ነክቶት ይደርሳሉ። ትውልድ ቆጣሪ ነበሩ። እኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ ይቆጠራል፤ በዚያ ሁሉ አጥቢያ ቆጠራው ሲጠፋ የሚኬደው ወደ እሳቸው ነው። ለምን ማስጻፍ እንደፈለጉ ጠየቅኋቸው።

«ድሮ የሚጋባው ያው ገበያ ላይ የሚተያየው ነው» አሉኝ። «አሁንማ ልጆቹ ባሕር ዳር ይገናኛሉ፣ ዐረብ አገር ይገናኛሉ። ወንድምና እኅት ሳይተዋወቁ ቢጋቡ ማን ሊጠየቅ ነው? እኔስ አልፋለሁ ልጄ፤ ወረቀቱ ይቀመጥላቸው።»

ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ይፈቱና በአንድ ስም አንዲት ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። እገሌ እገሊትን ወለደ፤ እሷ ለእገሌ ተዳረች፤ ከሷ ሁለት ወንድ አንዲት ሴት። አንድ ቤት ሲያልቅ ፍሬዎቹን ሰብስበው ግማሹን ለእኔ ይሰጡኛል፤ እየቆረጠምሁ እጽፋለሁ። ስም እንዳያመልጠኝ ድምፃቸውንም ኮምፒውተሩ ላይ እቀዳው ነበር። አንድም ቀን ወደ ኋላ ተመልሰው ስም አላረሙም። ዘጠኝ ገበያ እንዲህ ሠራን። ከዚህ ውስጥ የታተመው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገበያዎች ብቻ ነው፤ ያንንም እትዬ ሰናይት ፊደል ልታርምበት ያወጣችው ነበር። የቀረው ሥራው ሲያልቅ አንድ ላይ ይታተማል ብለን ተውነው።

ኅዳር ሲያልቅ የጥር ሙሽሮች ለመጥሪያቸው ፎቶግራፍ ማምጣት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሞላ። ብዙ ቦታ የያዘው የአያ ጌጡ ድምፅ ነበር። «በሁለቱ ላይ አለ» ብዬ ጽሑፉንም ድምፁንም የያዘውን ፎልደር አጠፋሁት፤ የጠፋው የሚጠራቀምበትን የኮምፒውተሩን ቅርጫትም ባዶ አደረግሁ፤ ፎቶዎቹን ጫንሁና ምሳ ወጣሁ። የነቢያት ጾም ነው፤ ድንች በቀይ ወጥ በላሁ። የጉና ድንች በዚያ ወቅት አዲስ ይወጣል፤ እንደጣፈጠኝ እስካሁን አልረሳውም።

ስመለስ ትእዛዜ ሥራውን ጨርሷል። ሁለተኛውን ከፈትሁ፤ የለም። ሦስተኛውን ከፈትሁ፤ የለም። ሦስቱም እኔው እንዳዘዝሁት እኩል ሆነዋል። የጠፋ ፋይል ለመመለስ የማውቀውን ሁሉ ሞከርሁ፤ በቦታው ግን ፎቶ ተጭኖበታል።

ለእትዬ ሰናይት ነገርኋት። አልጮኸችብኝም። «ሲመጡ እውነቱን ትነግራቸዋለህ። ይቅርታ ጠይቀን ከመጀመሪያው እንጽፋለን፤ እሳቸው እንደሆን ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል» አለችኝ። እሺ አልሁ። የገበያው ቀን ግን እሷ ሐሙሲት ለቅሶ ሄደች፤ ብቻዬን ቀረሁ።

አያ ጌጡ በዚያ ቀን ልጃቸውን ሙሉነሽን አስከትለው ነው የመጡት። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የተጻፈውን እንድታነብላቸው ነው። የታተሙትን ወረቀቶች ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ አባቷ ቀና አሉ።

«የአለሙ ቤትስ? የወለተ ማርያም ልጆችስ?»

ቤቱ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። በኮምፒውተር ዐዋቂነቴ የሚያደንቁኝ ሁለት መምህራንም ከመካከላቸው አሉ። በእነሱ ፊት «አጠፋሁት» ማለት ሞት መሰለኝ።

«እነሱን ገና አልነገሩኝም፣ አያ» አልሁ።

«አልነገርሁህም? ታዲያ ይህን ሁሉ ገበያ ምን ስንሠራ ከረምን?»

«ያንኑ እየደጋገሙ ሲነግሩኝ ነው። እንዳይከፋዎ ብዬ ዝም አልሁ።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ አፌም አልተያዘም።

ሙሉነሽ አባቷን አየች፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየች። አያ ጌጡ ቆሏቸውን ፈቱና «እንግዲያ ከአለሙ እንጀምር» አሉ። አንድ ፍሬ አኖሩ፤ ሁለተኛውን አኖሩ፤ ሦስተኛውን ጣታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ስሙ ጠፍቷቸው አልነበረም። ስሙን ተናገሩት፤ ከዚያ «ነው ወይስ የወንድሙ ልጅ ነው?» ብለው ሙሉነሽን ጠየቋት። እሷ ምን ታውቃለች? ፍሬዎቹን ሁሉ ሰብስበው ቋጠሩና «ዛሬ ይብቃን ልጄ» ብለው ወጡ። ተመልሰው አልመጡም። እትዬ ሰናይት ስትጠይቀኝ «ዛሬ ይብቃን ብለው ሄዱ» ብቻ አልኋት።

ከገና በኋላ ሙሉነሽ ብቻዋን መጣች። በስሜ ጠርታ «ይበልጣል፣ ለአባቴ የሚሆን መድኃኒት ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው» አለችኝ። «ሰው ትውልድ ሊያስቆጥር ሲመጣ ሳይቆጥሩ ይመልሱታል። አእምሮዬ ከድቶኛል፣ በእኔ ቃል ሰው አታጋቡ ይላሉ። ከቤትም አይወጡም።»

እትዬ ሰናይት ማተሚያው አጠገብ ቆማ ሰማች። ሙሉነሽ እስክትወጣ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አልሃቸው?» አለች። ነገርኋት። ፊት ነሣችኝ። «እሑድ ትሄዳለህ። ሳትነግራቸው እንዳትመለስ» አለች።

እሑድ ጧት ተነሣሁ። ውርጩ የገብሱን ቃርሚያ አንጥቶታል፤ በየአውድማው ጭድ ተከምሯል። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን እየደጋገምሁ ሄድሁ። ስደርስ ከቅዳሴ የተመለሱ ጎረቤቶች ቤቱን ሞልተውታል። አያ ጌጡ ድምፄን ሲሰሙ ተነሥተው ሳሙኝና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«እዩት ይህን ልጅ» አሉ ለሰዎቹ። «ሌላው አክብሮኝ፣ ፈርቶኝ ዝም ይለኝ ነበር። እሱ ግን ፊት ለፊት እውነቱን ነገረኝ። እሱ ባይነግረኝ ስንቱን ከእኅቱ ጋር አጋብቼ በነፍሴ እጠየቅ ነበር! ከአፍህ ሐሰት አይገኝ ልጄ። እውነት ተናግረህ እደር።»

ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ። ጠላ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። እትዬ ሰናይት ማግስቱን «ነገርሃቸው?» ስትለኝ «ነገርኋቸው» አልኋት። በዓመቱ ሥራ ቀይሬ ወደ ባሕር ዳር ወረድሁ፤ አያ ጌጡ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። እስከዚያ ድረስ ማንንም አልቆጠሩም።

ብዙ ጊዜ ለራሴ ምክንያት ደርድሬያለሁ። ልጅ ነበርሁ፤ ደነገጥሁ፤ ሰው ፊት ነበር። አንዱም አይቆምልኝም። ፋይል ማጥፋት ስሕተት ነው፤ ማንም ያጠፋል። እኔ ግን ፋይሉን ካጠፋሁ በኋላ አንድ ሰው በራሱ ላይ ያለውን እምነት አጠፋሁ፤ ያንን ደግሞ ዐውቄ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ደብረ ታቦር ሄጄ ሙሉነሽን አገኘኋት። ከተማ ገብታለች፤ ልጆቿ አድገዋል። ቁልፏን የት እንዳኖረች ጠፋባትና «ይኸው የአባቴ ነገር ጀመረኝ» አለች። ልጆቿ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። በዚሁ ፍርሃት ከዕድሩ ጸሐፊነት መውጣቷን፣ ልጆቿንም ከአሁኑ እንዲጠነቀቁ እንደምትመክር ነገረችኝ። በዘር የመጣብን ነው አለችኝ። ቁልፉን አብሬያት ፈለግሁ እንጂ ምንም አልተናገርሁም።

አፌ እንደማይታዘዘኝ ስላወቅሁ ነው የጻፍሁት። ሙሉነሽ፣ ይህን ወረቀት ለማንም ሳላሳይ በመጀመሪያ ለአንቺ እልከዋለሁ። የአለሙን ቤት ነግረውኛል። የወለተ ማርያምን ልጆችም አንድ በአንድ ነግረውኛል። አባትሽ ምንም አልረሱም ነበር።