በረዶ ብርድ ልብስ ሲለብስ

በመርካቶ ምድር ስለ ሙቀት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልተፈጠረም። ፀሐይ ራሷ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት በሱቄ በኩል ጎራ ብላ «ዛሬ ምን ያህል ልክረር?» ብላ ብታማክረኝ አይገርመኝም። ከሃያ ዓመት በላይ ብርድ ልብስ ሸጫለሁ። ከጎጃም በረንዳ ገባ ብላችሁ የአዲስ አበባን ሕዝብ ግማሹን ከብርድ ያዳነው ማነው ብትሉ፣ ተሸካሚው ሁሉ ጣቱን ወደ እኔ ይቀስራል። ሌላውን ግማሽ ያላዳንኩት ዋጋ ስለሚከራከር ነው።

ይህን ሁሉ ዕውቀቴን አንድ እንቁላል የምታህል በረዶ አፈር ድሜ አስጋጠችው።

ሱቄ ጠባብ ናት። ሱቅ ከምላት ቁም ሣጥን ብላት ይቀላል። ብርድ ልብሱ በሦስቱም ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ጣሪያ ተደርድሯል፤ ወንበር የሚገባበት ቦታ የለም። ስለዚህ በሩ አጠገብ ለማሳያ ያስቀመጥኩት አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ እንደ መደብ ሆኖ ያገለግለኛል፤ እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ደንበኛ ሲመጣ ብድግ እልና «እጅዎን ወደ ውስጥ ይክተቱ» እላለሁ። ይከታል። «ውይ! ይሞቃል!» ይላል። «ገና ሳይለብሱት እንዲህ ከሆነ ሲለብሱትማ ያስቡት!» እላለሁ። ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገኝም።

በግራዬ ያሉት ጎረቤቴ ሳፋ፣ ባልዲና ጆግ ይሸጣሉ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ተራው ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ፊት ለፊቴ ደግሞ ቁልፍና ገመድ የሚሸጡ ሐጂ አሉ፤ ልጅ ሆነው ከስልጤ መጥተው እዚሁ ሸበቱ። ገበያ ሲቀዘቅዝ የሦስታችን ሥራ ክርክር ነው። ሳሙናው ቀይ ሆኖ አረፋው ለምን ይነጣል? ለስላሳ ሲነቀነቅ ለምን ይገነፍላል? የሐጂ ቁልፍ ጠዋት ጠዋት ከተንጠለጠለበት ጣውላ ይልቅ ለምን ይቀዘቅዛል? ማንም አሸንፎ አያውቅም፤ ብቻ ጮክ ብሎ የተናገረው ያሸነፈ ይመስለዋል። ጮክ ብሎ የሚናገረው ማን እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እትዬ ፌስታል አንጠልጥለው እያለከለኩ መጡ። ፌስታሉ ውስጥ የተሰባበረ በረዶ አለ፤ በበረዶው መሃል በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ብልቃጥ። የፈንግል ክትባት ናት። እትዬ ከተማው ዳር ባለው ግቢያቸው ዶሮ ያረባሉ። ባለፈው ዓመት ፈንግል ገብቶባቸው፣ አንድ ጠዋት የዶሮ ቤቱን ሲከፍቱ በእግሯ የቆመች አንዲት እንኳ አላገኙም። ዘንድሮ እንደ ምንም ብለው እንደገና ጀምረዋል፤ በሽታው ደግሞ እሳቸው ሰፈር ደርሷል እየተባለ ነው። የሚከትብላቸው ሰው አመሻሹ ላይ ቤታቸው ሊመጣ ተቀጣጥረዋል። እስከዚያ ግን የክፍለ ሀገር ደንበኛ ከእሳቸው ዕቃ ሊጭን ስለሆነ ሱቁን ጥለው መሄድ አይችሉም። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ፍሪጅ ያለው ሁሉ የራሱ ሥጋ አሳስቦታል።

«በረዶው ካለቀ ክትባቱም አለቀለት ብሎኛል ሻጩ» አሉ እትዬ። «በል አንድ ብርድ ልብስ አውርድልኝ፣ ልጠቅልለው።»

ክው አልኩ። በዕድሜዬ ብዙ ጉድ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማሁም።

«እትዬ! በረዶ? በብርድ ልብስ?»

«በወፍራም ነገር ጠቅልይው ነው ያለኝ።»

«እሱ መድኃኒቱን ይሽጥ! ስለ ብርድ ልብስ የሚናገረው እኔ ነኝ። ይኼ ብርድ ልብስ እኮ ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌን በላብ አጥምቆ፣ ሚስታቸው ጎርፍ ገባ ብለው ጎረቤት ጠርተዋል። እርስዎ በረዶ ሊያስተኙበት?»

ሐጂ ከማዶ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ገቡበት። «ወላሂ ልጁ እውነቱን ነው። ብርድ ልብስ ያሞቃል። ይኼ ክርክርም የለው።»

ሐጂ ከእኔ ጋር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?» አሉ እትዬ።

«ለእኔ ይተዉት» አልኩና ካርቶን ቀድጄ የፌስታሉን አፍ ከፍቼ ማራገብ ጀመርኩ። ሻይ ሲራገብ ይበርዳል አይደል? በረዶ ሲራገብማ ከበፊቱ ይብስ ይቀዘቅዛል። ክንዴ እስኪዝል አራገብኩ። ያስነሳሁት ነፋስ መሳለሚያ ድረስ ሄዶ የስንቱን ባርኔጣ እንደወሰደ እግዜር ይወቀው።

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ። «ውሃው በዛ።»

«ላብ ነው» አልኩ።

«የማን ላብ?»

«የበረዶው ነዋ።»

«በረዶ ካላበው ሞቆታል ማለት አይደለም እንዴ፣ አንተ ሰው!»

ካርቶኑን ከእጄ ነጠቁኝ። ልመልስላቸው ስል ፊታቸውን አየሁት፤ ቀልዱን ተውኩት። «ባለፈው በአካፋ ነው የቀበርኳቸው» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ትስቃለህ።»

ሐጂ ገመዱን አስቀምጠው ተነሡ። «በአፍ አያልቅም። እኩያ የሆኑ ሁለት በረዶ ስጡኝ። አንዱ ሳፋ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ብርድ ልብስ ይልበስ። እኔ ሰግጄ እስክመጣ ማንም እንዳይነካ።»

እትዬ ከዚያች ከምታልቅባቸው በረዶ ሁለት እንቁላል የሚያካክሉ ቁራጮች በግድ ሰጡ። የቀረውን ከነብልቃጡ ባልዲ ውስጥ ከትተው ከድነው ጥላ ውስጥ አስቀመጡት። እኔ ከመደርደሪያው ወፍራሙን ብርድ ልብስ መርጬ አወረድኩ፤ በላስቲክ ያሰርኳትን በረዶ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልኳት። «እትዬ፣ ሻይ ቅጠል ያዘጋጁ፤ ስንፈታው ፈልቶ ነው የምናገኘው» አልኩ። አልሳቁም። ባልዲያቸውን ታቅፈው ቁጭ አሉ።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ሦስታችንም ሳፋው ላይ አጎነበስን። በረዶ የለም። ውሃ ነው፤ መሃሉ ላይ የምስር ክክ የምታህል ነገር ተንሳፍፋለች፤ ዓይናችን እያየ እሷም ጠፋች።

«በሉ አሁን የእኔን ፍል ውሃ እዩ» ብዬ ብርድ ልብሱን ፈታሁ። እጄን ሰደድኩ። ጮህኩ! እባብ የነካሁ ነው የመሰለኝ። በረዶዋ ቁጭ ብላለች። ጠርዟ ትንሽ ለዝቧል እንጂ ደህና ናት፤ እንደ እመቤት ተኝታ ነው የዋለችው።

«ቀይራችኋታል!» አልኩ።

«ከመስጊድ በረዶ ሰርቄ ልምጣ?» አሉ ሐጂ።

ብርድ ልብሱን ገለበጥኩት፣ አራገፍኩት፣ አሸተትኩት። ሃያ ዓመት የሚያውቃት ሚስቱ በሌላ ቋንቋ ስታወራ እንደሰማ ባል ሆንኩ። እትዬ ግን ለመደነቅ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ብርድ ልብሱን ከእጄ ቀምተው ፌስታላቸውን ጠቀለሉና ባልዲው ውስጥ ደፈቁት። ግማሽ ያህሉ በረዶ ቀርቷል። የሄደው ግማሽ በእኔ ማራገቢያ እንደሄደ ማንም አልተናገረም። ሁላችንም ግን አውቀናል።

«ገባኝ» አሉ እትዬ ክዳኑን እየተጫኑ። «ዘበኛ ነው። የውጭውን አያስገባም፣ የውስጡን አያስወጣም። ውስጥ ያለው ሰውም ይሁን በረዶ ዘበኛው ምን ቸገረው?»

«እኔ መጀመሪያም ጠርጥሬ ነበር» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ! ‹ክርክርም የለው› ብለው የማሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኩ።

«ዞህር ሶላት ላይ ተገለጠልኝ።»

እኔ ግን በቀላሉ የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «ዘበኛ ነው እንበል» አልኩ፤ «ዘበኛ የራሱ ሙቀት ከሌለው የእኔ ብርድ ልብስ ማንም ሳይለብሰው ለምን ይሞቃል? ኑ ዳስሱ!» ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩና የማሳያውን ብርድ ልብስ እጥፋት ገለጥኩላቸው።

እትዬ እጃቸውን ከተቱ። «እውነትም ይሞቃል» አሉ። ሐጂም ከተቱ። «ሱብሃነላህ፣ ይሞቃል።» ደረቴን ነፋሁ። የመርካቶ ቆርቆሮ ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ ተሰማኝ።

እትዬ ግን ወደ ውስጥ ገብተው መደርደሪያው ላይ ካለው አንዱን ዳሰሱ። «ይኼ ይቀዘቅዛል።» ሌላውን ዳሰሱ። «ይኼም።» የታችኛውን ጎትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ። «ይኼም ያው ነው። ሁሉም አንድ ፋብሪካ አይደለም እንዴ የሚሠራው?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ ያኛው ብቻ ምን አግኝቶ ነው የሚሞቀው?»

ሐጂ የማሳያውን ብርድ ልብስ አዩ፤ ከዚያ እኔን። ከዚያ ዓይናቸው ከፊቴ ወደ ታች ወረደና እዚያው ቆመ። «አንተ ልጅ» አሉ፤ «ከጠዋት ጀምሮ የት ነው የተቀመጥከው?»

እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ የሱሪዬን መቀመጫ ዳሰስኩ። እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቀጥሎ የሰማሁት ሳቅ የሳፋውን ክምር ነው ያናጋው። ከጠዋት ጀምሮ ሳቅ ርቋቸው የነበሩት ሴትዮ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሐጂ ገመዳቸው ላይ ተደፍተው ቀሩ።

እትዬ ከሰዓት የደንበኛቸውን ዕቃ ጭነው ሸኙና ባልዲያቸውን ታቅፈው ከመሳለሚያ ታክሲ ያዙ። በማግስቱ በሬ ላይ ቆመው «ደርሷል» አሉኝ። «ስፈታው በረዶው ገና ጠጣር ነበር። ሁሉም ተከተቡ።» በሽታው ሰፈሩን ዞሮ አለፈ፤ የእሳቸው ዶሮዎች ዛሬም አሉ። ብርድ ልብሱንም መልሰውልኛል፤ ዶሮ ዶሮ ስለሚሸት ለራሴ አስቀረሁት።

የእኔ ነገር ግን ይኸውላችሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ያ ሁሉ ደንበኛ፣ ሽማግሌው፣ ሙሽራዋ፣ መነኩሲቷ ሳይቀሩ፣ እጃቸውን ከትተው «ውይ! ይሞቃል!» ያሉት የመቀመጫዬን ሙቀት ነው። አውቄ ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ብልጥ ነጋዴ ነበርኩ እል ነበር። አላወቅኩም ነበር። ከብርድ ልብሱ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ።