ከግራ ሦስተኛዋ

ቅዳሜ ከሰዓት ለንደን ውስጥ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ አንድ ጸጉር ቤት ውስጥ፣ ግማሽ ጭንቅላቴ ሹሩባ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ወንበር ላይ ቀረሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አንትሮፖሎጂ ነው የምማረው፣ ማስተርስ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ሰው ታጠናለች» ትልና ቶሎ ወሬ ትቀይራለች። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሙዚቃ ክሊፕ ነው። ጥቁር ሴት አንትሮፖሎጂስቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ስለ እኛ የሚያወራው ማነው? ማንንስ ጠይቆ? እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ፣ ከዘፋኙ ኋላ የሚጨፍሩትን ሴቶች የለንደን ሀበሻ ሴቶች እንዴት ያዩዋቸዋል ብዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ጸጉር ቤት ተጎለትኩ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ክሊፕ ነው። ሴቶቹ ያወራሉ፣ እኔ ጥግ ይዤ እጽፋለሁ።

የጸጉር ቤቱን ባለቤት እትዬ ነው የምላቸው። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ እሁድ ከአማርኛ ቸርቻቸው የማይቀሩ ሴት ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ቤቱ ጭር ሲል ቴሌቪዥኑን በማበጠሪያቸው ጠቆሙኝና፣

«ከግራ ሦስተኛዋን አየሻት? ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን? እኔ ነኝ» አሉኝ።

የድሮ ክሊፕ ነው፣ ስንቴ አይቼዋለሁ! ካሜራው ትከሻቸው ላይ ይቆይና ፊታቸው ጋ ሳይደርስ ወደ ዘፋኙ ይመለሳል። በደስታ ሌሊቱን አልተኛሁም። ስለ እሳቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩ።

በእኛ ሙያ ስለ ሰው የጻፍነውን ለባለቤቱ መልሰን እናነባለን። ሰኞ ጽሑፉን ለዩኒቨርሲቲው ሰብሚት ማድረግ ስላለብኝ ቅዳሜ ሄድኩ፣ በዚያው ሹሩባም ልሠራ። እሳቸው ይጎነጉናሉ፣ እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነባለሁ። ከቸርቻቸው የምትመጣ አንዲት ደንበኛ ካስክ ውስጥ ጸጉሯን ታደርቃለች። እንዳትሰማ ብዬ ድምፄን ቀነስኩ።

«ወይዘሮ ሰላም በወጣትነታቸው...» ብዬ ስጀምር እጃቸው ቆመ።

«ሰላም ደግሞ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት እትዬ። ስምዎን ቀይሬው ነው።»

«ለምን?»

«እንዳይታወቁ ነዋ። ለደህንነትዎ።»

ወደ ጉንጉናቸው ተመለሱ። ጉንጉኑ ግን ጠበቀ፣ እንባዬ እስኪመጣ ጠበቀ። እኔ ነገሩ ሳይገባኝ ማንበቤን ቀጠልኩ።

«...ያለፈ ሕይወታቸውን ከቸርች ሰዎች ደብቀው የሚኖሩት ወይዘሮ ሰላም...»

ጸጉሬን ለቀቁት። ዞረው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«እደብቃለሁ ብዬ ነገርኩሽ?»

«አይ... ቸርች ስለሚሄዱ... እኔ መሰለኝ...»

«እግዚአብሔር የት እንደነበርኩ ያውቃል። ከማን ነው የምትደብቂኝ?»

በዓይኔ ወደ ካስኩ ጠቆምኳቸው፣ ቀስ ይበሉ ለማለት። ጭራሽ ድምፃቸውን ጨመሩ።

«ክሊፑ ሲያልቅ የሚመጣውን ጽሑፍ አንብበሽው አታውቂም? የዘፋኙ ስም አለ። የካሜራማኑ ስም አለ። ቀሚሱን ያዋሰን ሱቅ እንኳን ምስጋና ተጽፎለታል። እኛ አምስት ሴቶች ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ስንጨፍር ውለን የአንዳችንም ስም የለም! ላንቺ የነገርኩሽ እኮ አንቺ ትጽፊዋለሽ ብዬ ነው...»



«ግን እትዬ፣ ፎርሙ ላይ ፈርመዋል» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«የቱ ፎርም?»

የጥናቱን የፈቃድ ፎርም ከቦርሳዬ አወጣሁት። ሁለት ሳጥን አለው፤ ስሜ ይጠቀስ፣ ስሜ አይጠቀስ። «አይጠቀስ» የሚለው ላይ ቲክ አለ። ቲኩ የእኔ ነው። ያስፈረምኳቸው ቀን ደንበኛ እየገባ ስለነበር ቸኩዬ «ስምዎ አይወጣም፣ አይስጉ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ» ብዬ ራሴ ነኝ የሞላሁት። እንግሊዝኛውን አላነበቡትም፣ እኔን አምነው ፈረሙ።

አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። የምዕራፉ ርዕስ እኮ «ያልተጠየቁት» ነው! ተነስቼ እንዳልሮጥ ግማሽ ጭንቅላቴ ጎፈሬ ነው። እንዳልቀመጥ እግሬ አላርፍ አለ። ሰኞ ደግሞ ደርሷል...

ይሄኔ ካስክ ውስጥ የነበረችው ሴት አንገቷን አወጣች። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ ካወቅን ቆየን» አለች። «መዝሙሩ ሲሞቅ ትከሻዎ ያሳብቅብዎታል።»

እትዬ አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁና እንባው ተቀላቅሎባቸው ፊታቸውን በእኔ ፎጣ ጠረጉ።

«እስክሪብቶ አምጪ» አሉኝ። የእኔን ቲክ ሰረዙና በሌላኛው ሳጥን ላይ የራሳቸውን አደረጉ። «ስሜን ከነአያቴ ነው የምትጽፊው።»

ወደ ጸጉሬ ተመለሱ። ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው አብልጠው አጥብቀው ሠሩልኝ፤ ቅንድቤ እስካሁን አልወረደም።

ስማቸው እንዲወጣ ብጠይቃት ሱፐርቫይዘሬ «ስም ማውጣቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይየው» ብላ መለሰችልኝ። ሰኞም አለፈ፣ ማራዘሚያ ጠይቄ ኢሜይሌን በየአምስት ደቂቃው ቼክ አደርጋለሁ። የባሰው ደግሞ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ያናገርኳቸውን የሌሎቹን ሴቶች ፎርሞች አውጥቼ አየሁ። አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱም ላይ ያለው ቲክ የእኔ ነው።

ከነገ ጀምሮ አንድ በአንድ እየዞርኩ እጠይቃቸዋለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ግን ኮሚቴ የለብኝም፤ ከግራ ሦስተኛዋ አስካለ ወርቅነህ ይመር ናቸው።