እናቴ የሐጅን ዋጋ ስትከራከር

አቤት የእናቴ ክርክር! የጅማ ገበያ ያውቃታል። ሻጩ «አልቀንስም» ካላት ሻርፗን አስተካክላ ትነሳና ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ እሱም «ነይ በቃ፣ ውሰጂው!» ብሎ ይጠራታል። ሳትጠራ የቀረችበትን ቀን አላስታውስም። የደርግ ጊዜ ቢሆንም ያ ዘመን ይናፍቀኛል፤ እሷ ነበረችበታ።

ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነበር። ዱዓዋ ሁሉ «ሳይጨልምብኝ ካዕባን ልየው» ነው። በዚያ ጊዜ የሐጅ ፈቃድ እንዲህ በዋዛ አይገኝም፤ የሷ ሲወጣ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። የቀረው የሚመራትን ሰው መምረጥ ነበር።

ሐጃጆችን ይዘው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሽማግሌ ሼክ ናቸው፤ ዋጋቸው ውድ ነው፣ ግን ደካማውን እጁን ይዘው ራሳቸው ካዕባን ያዞሩታል ይባላል። ሌላው የሸቤ ከተማ ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ በጣም ርካሽ።

መጀመሪያ ሼኹ ዘንድ ሄድን። «ማሎ ሼኹ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አለች።

«እህቴ፣ ከዚህ በታች ብቀንስ የምቀንሰው ካንቺው እንክብካቤ ነው» አሏት።

ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። ተከተልኳት። እርምጃዋን ቀስ፣ አሁንም ቀስ አደረገችው። ማንም አልጠራትም። አዌቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ «አይጠሩኝም እንዴ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የሽንኩርት ገበያ አይደለም! እንመለስ!»

«ሞቼ ነው የምመለሰው!» አለች። ግትር!

ነጋዴው ደግሞ አፉ ቅቤ ነው። «እማማ፣ ካዕባው ያው አንድ ነው! ውድ ስለከፈሉ ሁለት አያዩም!» ሲላት ሳቀች፣ ከሱ ጋር ተስማማች። እኔ ደሜ ፈላ፤ ግን ማን ሊሰማኝ?

መካ ሲደርሱ ሰውየው ከሐረሙ መስጊድ ርቆ ካለ ቤት አስገባቸውና ጨርቅ ሊሸምት ጠፋ። እናቴ የማታውቃትን የአንዲት ሱዳናዊት የልብስ ጫፍ ጨብጣ፣ ከሕዝቡ ዳር ዳሩን ዞረች። ጠዋፏን ፈጸመች። በዚያ ዓይኗ፣ በዚያ ርቀት ያየችው ግን የሰው ጀርባ ብቻ ነበር።

ይህን የነገረችው ለኔ ብቻ ነው። «ሐጃ፣ ካዕባ እንዴት ነው?» እያለ ለሚጎርፈው ጎረቤት ሁሉ መልሷ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ። አንጀቴን በላችው። ብዙም ሳይቆይ ሞራው ዓይኗን ጨርሶ ዘጋው።

አንድ ቀን ሼኹ ራሳቸው ሊዘይሯት መጡ። ዱዓ አደረጉ። አሁን ይወቅሷታል ብዬ ስፈራ፣ «አየሽው እህቴ?» ብቻ አሏት።

«አላየሁትም ሼኹ» አለች እናቴ።

እሳቸው ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ስለ ካዕባው ጥቁር ልብስ፣ በላዩ ላይ ስለተጠለፈው ወርቅ ይነግሯት ጀመር። እናቴ አንገቷን አቅንታ ስትሰማ ቆየችና አቋረጠቻቸው።

«ቀስ ይበሉ ሼኹ» አለች። «ከበሩ ይጀምሩልኝ።»