ድመቷ በጾም ለምን ጎተራውን ለቀቀች

መንበረ አምባዬ ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። ሰው ሲያወራትም በዓይኗ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ጎሬ ተወልዳ፣ እዚያው መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታ፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ መቱ ወርዳ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር የዘር ጎተራ ጠባቂ ሆነች። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ገበሬዎች መኸር ሰብስበው ለዘር የሚሆነውን በጆንያ ያስረክቧታል፤ ዝናብ ሲጥል መልሰው ይወስዳሉ። በመሃል ያሉትን ወራት ግን መንበረ እንቅልፍ የላትም።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ጆንያ ከሥሩ ተቀዶ አገኘች። የዱሬቲ ጆንያ ነበር። ዱሬቲ ባሏ የሞተባት፣ በሶር ፏፏቴ አቅራቢያ የምታርስ ሴት ናት። በጆንያው ውስጥ ያለው ቀይ በቆሎ ከአማቷ የወረሰችው ነው፤ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ክረምቱ መሃል ቤቱ ባዶ ሲሆን ልጆቿ እሸቱን ይበላሉ። ጎረቤቶቿ ሁሉ ወደ ምርጥ ዘር ዞረዋል። ይህ ጆንያ ካለቀ ቀዩ በቆሎ አለቀ ማለት ነው።

መርዝ እንዳይረጭ ማኅበሩ ወስኗል፤ ከእህል ጋር ይቀላቀላል በሚል ፍርሃት። ስለዚህ መንበረ በማግስቱ ጎሬ ወጣች፣ ከእህቷ ከጥሩአየሁ ቤት ድመት ልታመጣ።

«ጆንያ ውስጥ ከተሽ ውሰጃት፣ መንገዱን እንዳታይ» አለቻት ጥሩአየሁ። «ስትደርሺ ሦስት ጊዜ አዙሪያት፤ አቅጣጫው ይጠፋባታል።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ ጆንያዎ ያለቅሳል» አለ።

«ሠራተኛ ናት። አዲስ ተቀጥራ ነው።»

«ከጎሬ መልቀቂያ አላት?» ተሳፋሪው ሳቀ። መንበረ ግን አልሳቀችም፤ ጆንያውን እየነካካች ነበር። መቱ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሰባት ጊዜ አዞረቻት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ አስደናቂ ነገር እንይ። ውሻ ከሰው ጋር የተወዳጀው እርሻ ከመጀመሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። አያቶቹ ተኩላዎች ነበሩ፤ ሰው አድኖ ወደሚበላበት እየተጠጉ፣ ጨካኞቹ ሳይሆኑ ገራሞቹ ከሰው ጋር እየቀሩ፣ ቀስ በቀስ ውሻ ሆኑ። ለዚህ ነው ውሻ ሰውን የሚከተለው፤ ሰው ሲነሣ ይነሣል። የድመት ታሪክ ሌላ ነው! የድመት አያት ዛሬም በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚገኘው የዱር ድመት ነው። ሰው እህል ዘርቶ ጎተራ ሲሠራ አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲመጣ የዱር ድመቱ ተከተለ። ምሁራን ይህ የሆነው ከዛሬ ዐሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ። ማንም አላሰራት፣ ማንም አልጠራት። ጥቅሟን አይታ ገባች። ድመት ዛሬም ቢሆን ሰው አትከተልም፤ ጥቅሟ ያለበትን ቦታ ትከተላለች።

መንበረ ይህን አታውቅም ነበር፤ ሥራው ግን መጀመሪያ ላይ ሠመረላት። ማታ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ከቤት ያመጣችውን ትንሽ ወተት ጎተራው ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ድመቷ እዚያው ታድራለች። ጠዋት ጠዋት ወለሉን ስትፈትሽ የአይጥ ኩስ እየቀነሰ መጣ። በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጨርሶ ጠፋ።

ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ ኩሱ ተመልሶ መጣ።

መንበረ መቀመጥ ተሳናት። ጆንያዎቹን ከግድግዳ አራቀች። ቀዳዳ ያገኘችበትን ሁሉ በጭቃ ደፈነች። የዱሬቲን ጆንያ እንጨት ላይ አወጣች፤ በነጋታው ከእንጨቱም ላይ ተቀዶ አገኘችው። ድመቷን አየቻት፤ ወፍራለች፣ ጸጉሯ ያብረቀርቃል። «አይጥ ጠግባ ነው እንዳልል አይጡ አለ» እያለች ለራሷ ታወራለች።

አንድ ቀን ቤቷ ደርሳ ደጃፏን ሳትከፍት ተመለሰች፣ ድመቷ ማታ ማታ ምን እንደምትሠራ ልታይ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የጎተራው ዘበኛ ነገራ በሩ አጠገብ ባለችው ጎጆው ደጃፍ ተቀምጧል። ውሻው ቡቺ እግሩ ሥር ተኝቷል፤ ድመቷ ጭኑ ላይ ናት፣ ከፊቷ የወተት ሳህን።

«አንተ ነገራ! ምን እያደረግህ ነው?»

«እራት እያበላሁ ነዋ፣ እትዬ። ኮቱ፣ አዱሬ» አለ፤ በኦሮምኛ ነይ፣ ድመቴ ማለቱ ነው።

«ማን አዘዘህ?»

«እሷ ራሷ። ጾም ከገባ ጀምሮ ሆዷ ተጣብቆ ትመጣለች። እርስዎ ይጹሙ፣ ይጽደቁ። እሷ ምን በድላ?»

«አይጥ እንድትበላ ነዋ!»

«አይጥም እኮ ሥጋ ነው፤ ያው ጾም ገደፈች» አለ ነገራ። እሱ ፕሮቴስታንት ነው፤ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ወተት አለ።

መንበረ የወተቱን ሳህን አየች። ወተቱን ያቋረጠችው እሷው ናት። ቤቷ ወተት ስለሌለ ጎተራው ውስጥም ወተት ጠፋ፤ ድመቷም አይጥ ከጉድጓዱ በሚወጣበት በዚያው ሰዓት ወደ ነገራ ጎጆ ተሻገረች፣ እዚያው ታድራለች።

ያን ቀን ድመቷን ይዛ ጎተራው ውስጥ ቆለፈችባት። ጠዋት ስትከፍት ድመቷ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ነበር፤ ነገራ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ አደረች አለ። በሩ እንደተከፈተ ተስፈንጥራ ወጣች።

«ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው» አለች መንበረ። «ለዱሬቲ ምን እላታለሁ?»

ነገራ አገጩን አከከ። «ድመቷን ወደ አይጡ ከምንጎትት፣ ወተቱን ወደ አይጡ ብንወስደውስ?»

ማታ ነገራ ሳህኑን አምጥቶ ጎተራው ውስጥ አስቀመጠ፣ ከዱሬቲ ጆንያ አጠገብ። መንበረ ደግሞ ያን ያህል ቀን ስትደፍን ከከረመችው ግድግዳ ላይ፣ የድመት ትከሻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ በገዛ እጇ በሳች። እያንዳንዱ የጭቃ ፍርፋሪ ሲወድቅ ልቧ አብሮ ይወድቅ ነበር። ድመቷ ግን እየወጣች ትመለስ ነበር፤ መውጫ ያላት ስለሆነ መቆየትን አልፈራችም። በአራተኛው ቀን መንበረ በሩ ሥር የሁለት አይጥ ጅራት አገኘች።

ሚያዝያ በገባ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጣለ፤ ዱሬቲ መጣች። መንበረ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ዱሬቲ ጆንያውን ሰሌን ላይ ዘረገፈችው። ግማሹ ቀርቷል፤ ግን አይጥ በቆሎ ሲበላ የሚጀምረው ከዓይኑ ነው፣ ቡቃያው ከሚወጣበት ጫፍ። ዓይኑ የተበላ ፍሬ ቢዘሩት አይበቅልም። ሁለቱ ሴቶች እያንዳንዷን ፍሬ በጣታቸው እያገላበጡ ለዩ። ነገራ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል፣ «ስንት ደረሰ?»

እኩለ ቀን ላይ ዓይኑ ጤነኛ የሆነው ሁለት ጣሳ ሞላ።

«ለማሳዬ አይበቃም» አለች ዱሬቲ። መንበረ ፊቷን አዞረች። «ግን ዘሩ አልጠፋም፣ እትዬ።» አንዱን ጣሳ በነጠላዋ ቋጠረች። ሁለተኛውን ወደ መንበረ ገፋችው። «አንዱን ዘርቼ ዝናቡ ቢከዳኝ ሌላ የለኝም። ይህን እዚሁ ያኑሩልኝ።»

«እኔ ጋ? እንደገና?»

«ታዲያ የት ላድርገው? ቤቴ ድመት የለም።»